የደጃፋችን መንገድ፤ ስለ አውቶሞቢል ፍጥነት ሕዝብን ስለ ማማከር

ቤት በአጥር ቢከበር፥ በርም በቍልፍ ቢዘጋ፥ የቤተ ሰብ ኑሮ በአጥር ውስጥ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፥ እናት ወደ ገበያ፥ አያት ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ አባት ወደ ሥራው የሚወጡት በደጃፍ መንገድ ነው። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ አውቶሞቢል በምን ያህል ፍጥነት ይለፍ የሚለው ነገር የመሐንዲስና የፖሊስ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፥ በእውነቱ እንደ ምግብና እንደ ጤና ሁሉ የቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መግለጫ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ከ190 ሺሕ ያህል ሰው እንደሚሞት፥ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉትም ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው እንደ ሆነ አስታውቋል። ይህን የሚሰማ ወላጅ ነገሩ አይመለከተኝም ሊል አይችልም።

በዘመናችን በብዙ አገሮች የመንገድ ፍጥነት ልክ ሊለወጥ በታሰበ ጊዜ ሹማምንቱ ከመወሰናቸው አስቀድሞ የሰፈሩን ሕዝብ ይጠይቃሉ። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ማን እንደ ተጠየቀ፥ ማን እንደ መለሰ፥ ማንስ ዝም ብሎ እንደ ቀረ መመርመር ያስፈልጋል። ይህን ለማስረዳት በታላቋ ብሪታንያ፥ ይልቁንም በዌልስ የሆነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የፍጥነት ልክ አጀማመር

በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ በእንግሊዝ መንገዶች ላይ በታየ ጊዜ፥ በ1865 የወጣው ሕግ ይህ ሠረገላ በገጠር በሰዓት ከ4 ማይል፥ በከተማ ከ2 ማይል እንዳያልፍ ወሰነ። አንድ ማይል 1 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ያህል ነውና፥ የከተማው ልክ ከእግረኛ እርምጃ እንኳ ያነሰ ነበር። ደግሞም ቀይ ሰንደቅ የያዘ ሰው 55 ሜትር ያህል ከፊት እየቀደመ መንገደኛውን እንዲያስጠነቅቅ ታዘዘ። ይህ ዛሬ ሲነገር ፈገግ ያሰኛል። ሐሳቡ ግን የሚያስቅ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ነባሩ እግረኛ ነውና፥ እንግዳው ሠረገላ ለእርሱ ይጠንቀቅለት ማለት ነበር።

በ1896 ዓመት በኦገስት 17 ቀን ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል የ44 ዓመት እናት፥ ከልጅዋ ጋር በለንደን ክሪስታል ፓላስ በተባለው ስፍራ ስትሻገር አውቶሞቢል ገጭቶ ገደላት። በታላቋ ብሪታንያ በቤንዚን አውቶሞቢል ተገጭቶ ከሞተ እግረኛ የመጀመሪያዋ እርስዋ ናት። የአሟሟትዋን ነገር የመረመረውም ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳይሆን ተስፋ እንደሚያደርግ ተናገረ። ነገር ግን ተስፋው አልተፈጸመም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕጉ የፍጥነቱን ልክ ወደ 14 ማይል፥ በ1903 ደግሞ ወደ 20 ማይል ከፍ አደረገው፤ በ1930 የወጣው ሕግም ለትናንሾቹ አውቶሞቢሎች ልኩን ፈጽሞ አነሣው። ከዚህ በኋላ በ1934 ዓመት ብቻ በአገሪቱ መንገዶች ላይ 7,343 ሰዎች ሞቱ። መንግሥቱም ደንግጦ ከማርች 18 ቀን 1935 ጀምሮ ሰው በሚኖርባቸው መንገዶች ላይ 30 ማይል፥ ማለት 48 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ልክ ሆኖ እንዲጸና አዘዘ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፥ የፍጥነት ልክ ከሰማይ የወረደ ሥርዓት ሳይሆን ሰዎች ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት መሆኑን ነው። ከፍ ባለ ጊዜ የሚያተርፈው መንገደኛ፥ የሚከስረውም ቤተ ሰብ የትኛው እንደ ሆነ በየጊዜው መጠየቅ አለበት።

በ20 ማይልና በ30 ማይል መካከል ያለው ልዩነት

አሁን በብዙ ስፍራ ክርክር ያለው ከ30 ማይል ወደ 20 ማይል፥ ማለት ከ48 ወደ 32 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይበል አይበል በሚለው ላይ ነው። ልዩነቱ በጆሮ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ በመሬት ላይ ሲለኩት ግን ትልቅ ነው።

ለእንግሊዝ ነጂዎች የተዘጋጀው የመንገድ ደንብ መጽሐፍ እንደሚያስተምረው፥ በ20 ማይል የሚሄድ አውቶሞቢል ነጂው አደጋውን ካየበት ቅጽበት ጀምሮ እስኪቆም 12 ሜትር ይሄዳል። በ30 ማይል የሚሄደው ግን 23 ሜትር ይሄዳል፤ ይኸውም ነጂው አስቦ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ 9 ሜትር፥ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ 14 ሜትር ነው። እንግዲህ የጨርቅ ኳሱን ተከትሎ አንድ ሕፃን በ12 ሜትር ርቀት ላይ ወደ መንገዱ ዘሎ ቢገባ፥ የመጀመሪያው አውቶሞቢል በሕፃኑ እግር ሥር ይቆማል። ሁለተኛው በዚያ ስፍራ ላይ ገና 3 ሜትር ብቻ ፍሬን ይዟልና፥ ስናሰላው በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ሕፃኑን ይመታዋል። ነጂው ያው ነጂ፥ ፍሬኑም ያው ፍሬን ነው፤ በመዳንና በመሞት መካከል ያለው የልኩ ለውጥ ብቻ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ፍርድ እንዳይዛባ የነጂውን ነገር እንስማ። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን የሰፈር መንገድ በ48 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ2 ደቂቃ ተኩል፥ በ32 ግን በ3 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ያልቃል። የሚጠፋው ጊዜ 1 ደቂቃ ከሩብ ነው። ይህ ለአንድ ባለ አውቶሞቢል ኢምንት ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በዚያ መንገድ ለሚመላለስ የአውቶቡስ ነጂ፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ድውያንን ለምትጠብቅ አስታማሚ፥ ዕቃ ለሚያደርስ ነጋዴ፥ ደቂቃው ተደማምሮ ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ በሁለቱም ወገን እውነተኛ ነገር አለ፤ ሕዝብን ማማከርም የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ሕዝብ የሚጠየቅበት ሥርዓት

በአገራችን በጥንት ዘመን ነጋሪት ተጐስሞ አዋጅ የሚነገረው ነገሩ ከተቈረጠ በኋላ ነበር። አሁን የምንናገርለት ሥርዓት ግን ነገሩ ሳይቈረጥ የሚደረግ ነው። በእንግሊዝ አገር የአንድ ሰፈር የፍጥነት ልክ እንዲለወጥ ሲታሰብ፥ የአካባቢው ምክር ቤት አስቀድሞ ፖሊስን፥ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ አገልግሎቶችን የመሳሰሉትን ያማክራል። ከዚያም የታሰበውን ለውጥ በአካባቢው ጋዜጣ ያስነግራል። የመንገዱን ካርታና ለውጡ የታሰበበትን ምክንያት ማንም ሰው ሊያየው በሚችልበት ስፍራ ያኖራል። የሚቃወም ሰው ካለ ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ምክንያቱን ገልጦ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይፈቀድለታል። ምክር ቤቱም የቀረበውን መቃወሚያ ሁሉ ሳይመረምር ደንቡን ሊያወጣ አይችልም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ የድምፅ ቈጠራ አለመሆኑን ልብ አድርግ። በችሎት ፊት ምስክር የሚመዘነው በብዛቱ ሳይሆን ባየውና በሚያውቀው ነገር ነው። አሥር ሰዎች «አንፈልግም» ብለው ብቻ ቢጽፉ፥ አንዲት እናት ግን «በዚህ ማዕዘን ግንቡ ስለሚጋርድ የሚመጣው አውቶሞቢል አይታይም፤ ጧት በሁለት ሰዓት ልጆች የሚሻገሩትም በዚሁ ነው» ብላ ብትጽፍ፥ የእርስዋ ቃል ለመርማሪው ከአሥሩ ይልቅ ይጠቅማል። እንግዲህ ይህ ሥርዓት ከኀይለኛው ይልቅ ለዐዋቂው የሚመች ነው፤ ሰፈሩን ደግሞ በየቀኑ በእግሩ ከሚረግጠው ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በዌልስ የሆነው

ዌልስ በታላቋ ብሪታንያ ምዕራባዊ ክፍል ያለች፥ 3 ሚሊዮን ከ100 ሺሕ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት አገር ናት። መንግሥቷም የመንገድ መብራቶች ከ183 ሜትር ባልበለጠ ርቀት በተተከሉባቸው፥ ማለት ሰው በሚኖርባቸው መንገዶች ላይ፥ ልኩን ከ30 ወደ 20 ማይል ዝቅ ለማድረግ አሰበ። አስቀድሞ በ8 ስፍራዎች ላይ ሥርዓቱ ተሞከረ። በ2021 ደግሞ ለመላው ሕዝብ ጥያቄ ቀረበ። ከ6 ሺሕ የሚበልጥ መልስ መጣ፤ ከመላሾቹም ከመቶ 53ቱ ተቃወሙ፥ 47ቱ ደገፉ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከሕዝቡ መካከል ተመርጠው ተጠይቀው የነበሩት ሰዎች፥ ከ5ቱ 4ቱ ያህል በሚኖሩበት ሰፈር 20 ማይል ቢሆን እንደሚወዱ ተናግረው ነበር።

ይህ ልዩነት ብዙ ያስተምራል። በፊተኛው ጥያቄ የመለሰው ራሱ ተነሥቶ የመጣው ሰው ነው፤ በኋለኛው የመለሰው ግን ተፈልጎ የተጠየቀው ነው። የሚቈጣ ሰው ሳይጠሩት ይመጣል፤ የሚፈራና ሥራ የበዛበት ሰው ግን ካልጠሩት አይመጣም።

የዌልስ ምክር ቤት በጁላይ 2022 ሕጉን በ39 ድምፅ በ15 ላይ አጸደቀው፤ ሕጉም ከሴፕቴምበር 17 ቀን 2023 ጀምሮ ጸና። መንግሥቱ ሕጉን ባቀረበ ጊዜ የሚያስከትለውን ጉዳት አልሸሸገም። ለምልክቶቹና ለሥራው 33 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደሚወጣ፥ ከመንገዱ መርዘም የተነሣም በ30 ዓመት ውስጥ የአገሪቱ ሀብት 4 ሚሊዮን ሺሕ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሊጐድል እንደሚችል ያሰላበትን መዝገብ ራሱ አሳተመ። ይህም ሆኖ ሕጉ በተጀመረ ጊዜ ብርቱ ቍጣ ተነሣ፤ ሕጉ ይሻር ብለው ስማቸውን ያኖሩት ሰዎች 469,571 ደረሱ። በዚያ ምክር ቤት ታሪክ ይህን ያህል ስም የሰበሰበ አቤቱታ ከዚያ በፊት አልነበረም።

እነዚህን ሰዎች ሁሉ የሕፃናትን ሕይወት የሚንቁ አድርጎ መቍጠር ትልቅ ሐሰት ይሆናል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ይናገሩ የነበረው፥ በትምህርት ቤት ደጅ ዝግታ እንደሚገባ፥ ነገር ግን ቤትና ደጃፍ በሌለበት ሰፊ ጐዳና ላይ ያው ልክ መደረጉ እንደማይገባ ነበር። የየአካባቢው ምክር ቤት አንዳንድ መንገዶችን በ30 ማይል ሊያስቀር ይችል ነበር፤ ሆኖም በብዙ ስፍራ የቀሩት ጥቂት ብቻ ነበሩ። በ2024 የጸደይ ወራት አዲሱ የመጓጓዣ ሚኒስትር ሕጉ እንዳለ ሆኖ፥ አንዳንድ መንገዶች ወደ 30 ማይል እንዲመለሱ ሕዝቡ ስለየመንገዱ ሐሳቡን እንዲሰጥ ጠየቀ። በጁላይም ለምክር ቤቶቹ የተሻሻለ መመሪያ ወጣ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው «ሕጉን ትወዳላችሁ ወይስ ትጠላላችሁ?» የሚል ሳይሆን «የትኛው መንገድ? ስለምንስ?» የሚል ሆነ። ስለዚህ ጩኸቱ ቀንሶ ነገሩ በምክንያት መመርመር ጀመረ።

የሕጉ ፍሬስ ምን ሆነ? ነጂው ሁሉ ልኩን አልጠበቀም፤ በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ ሲለካ መካከለኛው ፍጥነት የቀነሰው 4 ማይል ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት በ20 እና በ30 ማይል መንገዶች ላይ የተጐዱትና የሞቱት ሰዎች ቍጥር ከቀደመው ዓመት ይልቅ ሩብ ያህል ቀነሰ። ከዚህ ቍጥር ውስጥ በደኅና ወደ ቤቱ የተመለሰው ልጅ ማን እንደ ሆነ ስሙን ሊጠራ የሚችል ሰው የለም፤ ያልደረሰ አደጋ ባለቤት የለውምና። ስለ ዘገየ ጕዞ አቤት የሚል ሰው ብዙ ሲሆን፥ ስለ ዳነ ልጅ አመሰግናለሁ የሚል የማይገኘውም ስለዚህ ነው።

ማን ይጠየቅ?

በቅዱስ መጽሐፍ እንደምናነበው የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ሕዝቡ ቀንበሩን ያቀልልን ዘንድ ባለው ጊዜ፥ ምክር ከመጠየቅ አልታከተም። ሽማግሌዎችንም ጠየቀ፥ አብሮ አደጎቹንም ጠየቀ። ነገር ግን የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ ከእርሱ ጋር ያደጉትን ብቻ ሰማ፤ አሥሩም ነገድ ከእጁ ወጡ። እንግዲህ የሮብዓም ጥፋት አለመጠየቁ ሳይሆን፥ ጠይቆ እንደ እርሱ ያሉትን ብቻ መስማቱ ነው።

ይህ ፈተና በማንኛውም አገር በሹም ላይ ይደርሳል። ስለ መንገድ የሚወስነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የሚያውቀው በአውቶሞቢል መስኮት አሻግሮ ነው። በመስኮት አሻግሮ ለሚያይ ሰው የምትሻገር አሮጊት የምታዘገይ መስላ ትታየዋለች፤ ለአሮጊቲቱ ግን አውቶሞቢሉ ሞት ሆኖ ይታያታል። አማካሪዎቹም፥ ወዳጆቹም፥ ማመልከቻ ጽፈው የሚልኩለትም ባለ አውቶሞቢሎች የሆኑ እንደ ሆነ፥ ሹሙ ሕዝብን አማከርሁ ቢልም ያማከረው የራሱን ጥላ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓመተ ምሕረት ገደማ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከተማይቱ ሰፍታለች፥ መንገዱም ተዘርግቷል። ዛሬ በአዲስ አበባ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች የሚበዙት እግረኞች ናቸው። የሚሞተው እግረኛ ሆኖ ሳለ ስለ ፍጥነት የሚነገረው ቃል የነጂ ብቻ ከሆነ፥ ፍርዱ አንዱ ወገን ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ይሆናል። ያልተሰማ ወገን ያለበት ፍርድ ደግሞ ይግባኝ እንደማያጣ የታወቀ ነው።

እግረኛውን ለማግኘትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዕድርተኛው ወር ጠብቆ ይሰበሰባል፤ ሰንበቴው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይገናኛል፤ ጎረቤት በቡና ይጠራራል፤ ወላጆች በትምህርት ቤት ደጅ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ። ማንበብ የማይችለውን ሰው በወረቀት መጠየቅ አለመጠየቅ ነውና፥ ጸሐፊ ወደ እነዚህ ስፍራዎች ሄዶ ቃላቸውን ተቀብሎ ይጻፍ።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

የሰፈሩ የፍጥነት ልክ ሊለወጥ ነውና ሐሳባችሁን ስጡ የተባለ እንደ ሆነ፥ የቤቱ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ይነጋገሩ። የሚጽፉትም ቃል እንዲሰማ የሚከተለውን ይጠብቁ።

አንደኛ፤ «አውቶሞቢሎች ይፈጥናሉ» ብሎ በጅምላ መናገር አይጠቅምም። መንገዱን በስሙ፥ ስፍራውን በምልክቱ፥ ጊዜውን በሰዓቱ ለይቶ መጻፍ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ልጆቹን ጠይቁ። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚፈሩት ስፍራ የትኛው እንደ ሆነ እነርሱ ያውቃሉ። አባት በአውቶሞቢል የሚያልፈውን መንገድ ልጁ በእግሩ ሲሄድበት ሌላ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፤ አያቶችን፥ ዐይነ ሥውሩንና አካሉ የደከመውን አትርሱ። የሚሻገሩበትን ጊዜ ቈጥራችሁ ጻፉላቸው፤ ለጐልማሳ የሚበቃው ጊዜ ለእነርሱ አይበቃምና።

አራተኛ፤ በቤቱ ውስጥ ነጂ ያለ እንደ ሆነ የእርሱም ቃል ከሌሎቹ ጋር ይጻፍ። ዝግታ የማያስፈልግበትን ጐዳና እርሱ በእውነት የሚያመለክት ከሆነ፥ ዝግታ በሚያስፈልግበት ስፍራ የምትናገሩት ቃል ይበልጥ ይታመናል።

አምስተኛ፤ ቀኑ ሳያልፍ አቅርቡ። በ21 ቀን ውስጥ ያልተናገረ ሰው በ22ኛው ቀን ቢያማርር፥ ማማረሩ ከመንገድ ላይ ጨዋታ አያልፍም።

ለሹማምንትም የምንለው ቃል አለን። ስትጠይቁ ምክንያታችሁን ግለጡ፤ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም አሳዩ። ከወሰናችሁ በኋላም ማን ምን ብሎ እንደ ነበረና ስለምን እንደ ተቀበላችሁት ወይም እንደ ተዋችሁት አስታውቁ። ሕዝብ የጠየቀው ሁሉ ባይፈጸምለት እንኳ፥ ቃሉ እንደ ተመረመረ ያወቀ እንደ ሆነ ደንቡን ያከብራል። ቃሉ በመዝገብ ቤት እንደ ተቀበረ የተረዳ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቢጠሩትም አይመጣም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ምሳሌያችን ስለ እህል ቢነገር እውነት ነው፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማልና። በመንገድ ላይ የፈሰሰ የልጅ ደም ግን አይለቀምም። እንግዲህ ጠያቂ በመጣ ጊዜ ወላጅ ሁሉ ስለ ደጃፉ መንገድ የሚያውቀውን ይናገር፤ ሹሙም ከአውቶሞቢሉ ወርዶ አንድ ጊዜ ከልጆቹ ጋር ይሻገር።